ከማዶ የማይመጡት ሻርኮች

ዙወይና ቢንት ጋብሽ ባሕር ዳር ተወልዳ፣ ባሕር ዳር ተድራ፣ ባሕር ዳር ፀጉሯ ሸበተ፤ ግን ከጉልበቷ ከፍ ያለ ውሃ ውስጥ ገብታ አታውቅም። በጉበይራ መንደር ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ውሃ ዳር ቆማ እግሯን ስትታጠብ ሕፃናት ካዩዋት በልጇ ስም እየጠሩ «ኡም ሱዓድ፣ ባሕሩ መጣ!» ብለው ይጮሁባትና፣ ቀሚሷን ሰብስባ ስትሮጥ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እሷም አትቆጣም። «ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔ ያየሁትን አላያችሁ» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ያየችው ነገር የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች የሆነ ነው። በጉበይራ ፊት ያለው ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሲሸሽ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ የጭቃ ሜዳ ይተዋል፤ ሲመለስ ደግሞ ማንንም አይጠይቅም። የመንደሩ ሴቶች በዚያ ሜዳ ላይ በእግራቸው እየሄዱ በትንንሽ መረብ ሽሪምፕ ይይዛሉ። ያን ቀን ዙወይና ከእናቷና ከአክስቷ ከሸምሳ ጋር ወጥታ ነበር። ረፋድ ላይ ጉም ወረደ። ሰው የራሱን እጅ ማየት እስኪያቅተው ድረስ ነጭ ሆነ። ከዚያ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን ነካ። ከሩቅ የአንድ ጀልበኛ ድምፅ «ወደዚህ! ወደዚህ!» እያለ ይጣራል። ሸምሳ «ሰምታችኋል? በዚህ በኩል ነው» ብላ ወደ ድምፁ ሄደች። የዙወይና እናት ግን ቆመች፤ የልጇን ክንድ ጨምቃ ይዛ ቆመች፤ ከዚያም ዞር ብላ በሌላ በኩል ሄደች። የሸምሳን ሬሳ በሦስተኛው ቀን ጭቃውን በሚሰነጥቀው በጥልቁ ቦይ አፍ ላይ አገኙት። ጉም ውስጥ ድምፅ አቅጣጫ የለውም፤ ጀልባ ደግሞ የሚቆመው ጥልቁ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዙወይና ሽሪምፕ ልትይዝ አልወጣችም። ባሕሩ የሚያወጣውን ግን ዳር ሆና ተቀበለች። ሻርክ ማድረቅ ተማረች። ዓሣውን በጀርባው በኩል ሰንጥቃ፣ ሆዱን አጽድታ፣ በባሕር ውሃ አጥባ፣ ጨው አሽታ ገመድ ላይ ትሰቅለዋለች። ሲደርቅ ዓዋል ይባላል። በሽንኩርትና በሎሚ ተሠርቶ ከሩዝ ጋር ሲቀርብ፣ የዙወይና ዓዋል መሆኑን ሱር ከተማ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ በአንድ ጉርሻ ይለያሉ። ባሏ ከሞተ፣ ልጇ ሱዓድም ሱር ከተዳረች በኋላ ብቻዋን ቀረች፤ ሥራዋን ግን አልተወችም። አርባ ዓመት ሙሉ የሻርክ ቆዳ ሲፈገፍጋት የጣቶቿ አሻራ ጠፍቷል፤ መታወቂያ ልታድስ ሄዳ ማሽኑ አላነብ ብሏት ጸሐፊውን አስቸግራለች።

ዶክተር አዝሃር ከሙስካት የመጣችው በአንድ የብርድ ወራት ጠዋት ነው። ቀጭን፣ ዓይኗ ላይ መነጽር፣ እጇ ላይ ሰማያዊ ሣጥን። ሣጥኑ ውስጥ አልኮል የተሞሉ ትንንሽ ብልቃጦች አሉ። ከየሻርኩ ክንፍ ጫፍ የጥፍር ያህል ቆርጣ ብልቃጥ ውስጥ ትከትና የት እንደተያዘ ትጽፋለች። ዙወይና ሰው ሥራዋ ላይ ሲቆምባት አትወድም፤ ይቺ ልጅ ግን ጭቃውን ሳትጠየፍ አጠገቧ ቁጢጥ ስላለች ዝም አለቻት።

«ኻላ፣ እነዚህን ለምን ለይተው አስቀመጧቸው?» አለች አዝሃር፣ «አክስቴ» ለማለት ኻላ እያለች፣ በስተግራ ወዳሉት አሥራ ሁለት ሻርኮች እያሳየች።

«የኛ አይደሉማ።»

«እንዴት የእናንተ አይደሉም?»

«ነጋዴው ከሰሜን በመኪና ያመጣቸው ናቸው። ከኛ ጋር ቀላቅሎ ሊያስደርቀኝ ፈልጎ ነበር። ጨው አያያዛቸው ይለያል፤ ስለዚህ ለብቻ ነው የማደርቃቸው።»

«ነጋዴው ነገረዎት?»

«እሱ? እሱ የእናቱንም ስም አይነግርሽም።»

አዝሃር ሳቀች። «ታዲያ በምን ለዩአቸው? ሁሉም እኮ አንድ ዓይነት ናቸው። ስማቸውም አንድ ነው፤ ጥቁሩ የክንፍ ጫፋቸውም አንድ ነው።»

ዙወይና ቢላዋዋን አሳረፈች። «አንቺስ የአክስትሽን ልጅ ከጎረቤት ልጅ በምን ትለያለሽ? ታይዋለሽ፣ ታውቂዋለሽ። ይሄ አፍንጫው ሾል ይላል። ጎኑ ላይ ያለው ነጭ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። የኛዎቹ እስከ ጭራ ድረስ ይወርዳል።»

አዝሃር አላመነቻትም፤ ግን ከአሥራ ሁለቱም ከሌሎቹም ቆርጣ ወሰደች።

ከአራት ወር በኋላ ተመልሳ መጣች። በዚህ ጊዜ ሣጥኑን አልከፈተችም። ዙወይና የዘረጋችው ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ የቀረበላትን ተምር በእጇ እያገላበጠች ቆየች።

«ኻላ፣ ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ በሰሜን ከራስ አልሐድ ጫፍ ወዲያ ማዶ ያሉት ናቸው። ዓይንዎ አልተሳሳተም።»

«አንዱስ?»

«አንዱ የእናንተ ነበር።»

«የእሱን ጭራ ውሻ በልቶት ነበር፤ ለዚያ ነው» አለች ዙወይና፣ ኩራቷን ለመደበቅ እየሞከረች።

አዝሃር ግን ደስ ያላት አትመስልም። በእያንዳንዱ ፍጡር ሥጋ ውስጥ ከእናትና ከአባት የሚወረስ ነገር እንዳለ፣ ዘረመል እንደሚባል፣ እሷ ከክንፉ ቁራጭ የምታነበው ያንን እንደሆነ አስረዳቻት። የማዶዎቹና የጉበይራዎቹ ሻርኮች ዘረመል ይለያያል፤ በተለይ ከእናት ብቻ የሚወረሰው። ይህም እናቶቹ አይቀላቀሉም ማለት ነው። ወንዱ ወዲያ ወዲህ ይል ይሆናል፤ እናቲቱ ግን ስታረግዝ፣ እሷ ራሷ ወደ ተወለደችበት ጭቃ ተመልሳ ትወልዳለች።

«እዚህ ያሉት ቢያልቁስ?» አለች ዙወይና።

«ከማዶ መጥቶ የሚተካቸው የለም።»

«ባሕሩ አንድ አይደለም እንዴ?»

«ባሕሩ አንድ ነው፤ ቤታቸው ግን አንድ አይደለም።» አዝሃር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሌላም ነገር አለ። ባለፈው ስመጣ ከመረብ ላይ የወሰድኳቸው ግልገሎች አብዛኞቹ እኅትማማችና ወንድማማች ሆኑ። እንዲህ የሚሆነው እናቶቹ ጥቂት ሲሆኑ ነው። ስንት እንደቀሩ አላውቅም። ለማወቅ እዚያው ጭቃው ላይ በሕይወት ካሉት ግልገሎች መውሰድ አለብኝ።»

ዙወይና እጇን አየችው። ባለፈው ሚያዝያ ወንዶቹ ከቦዩ አፍ ትልልቅ እናቶችን ጭነው ሲያመጡ የሰነጠቀቻቸው በዚህ እጅ ነው። ሆዳቸው ሲከፈት ግልገሎቹ ሥጋ ለብሰው፣ ዓይናቸው ተከፍቶ፣ አንዳንዶቹ ጭራቸውን እያወዛወዙ ይወጡ ነበር። አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴ ሰባት። አዋልዳ እንደምትጥል ሰው ለአሞራና ለድመት ጥላቸዋለች። በአንድ ሳምንት ብቻ ስንት ሆድ ቀደደች? ሃያ? ሠላሳ? ባሕሩ አንድ ነው፣ እዚህ ቢጎድል ከዚያ ይሞላል እያለች ነበር። ሁሉም እንደዚያ ይላል።

«እኔ ነኝ የጨረስኳቸው?» አለች።

አዝሃር የያዘችውን ተምር መልሳ አስቀመጠችው። «እርስዎ አይደሉም» አለማለቷ ነው ዙወይናን ያስፈራት።

ለሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን ወንድሟ ሙሰለም ዘንድ ሄደች። ሙሰለም በመንደሩ ካሉት ጀልበኞች ሁሉ ጭቃውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ መረብ እየጠገነ አገኘችው።

«ያቺን ልጅ ወደ ግልገሎቹ መዋያ ውሰዳት» አለችው።

«የሙስካቷን? ለመውሰድስ እወስዳታለሁ። ግልገሉን ከግልገል ማን ይለይላታል? እኔ እንደሆነ ሁሉም ሻርክ ሻርክ ነው።»

«እኔ እመጣለሁ።»

ሙሰለም መርፌውን ጣለ። «አንቺ? ኩሬ አይተሽ የምትሸሺ? ወላሂ ይህንን ለሰው ብነግር አብዷል ይሉኛል!»

«አትሳቅብኝ። መፍራቴን አንተም ታውቃለህ፤ ግን እመጣለሁ።»

ሙሰለም ሳቁን አቁሞ መርፌውን አነሳ።

ወሬው እስከ ቀትሩ የዙህር ጸሎት መንደሩን አዳረሰ። ከሰዓት በኋላ ጁምዓን መጣባት። ጁምዓን በቦዩ አፍ ላይ ረጅሙን መረብ የሚጥል ሰው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቀስ ያለ። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም።

«ኡም ሱዓድ፣ ሰላም ነው? ከዚያች ልጅ ጋር ልትወጪ ነው አሉ።»

«ልወጣ ነው።»

«ቆጥራ ቆጥራ ስታበቃ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ? አትያዙ ነው የምትለው። ከዚያ መኪናዋን አስነስታ ትሄዳለች።» ወደ ተሰቀለው ዓዋል ተመለከተ። «አንቺ ግን እዚሁ ነሽ። ገመድሽም እዚሁ ነው።»

ይህን ብሎ ሄደ። ዙወይና በሩን በቁልፍ ዘጋች፤ ገመዷንም አንድ በአንድ ፈተሸች።

በሚያዝያ አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ውሃው መሸሽ ሲጀምር ወጡ። ዙወይና ጀልባዋ ወለል ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም ጠርዝ ጨብጣ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» ስትል ቆየች። ዓይኗን የከፈተችው የጀልባዋ ሆድ ጭቃ ሲነካ ነው። ውሃው ሲሸሽ ትቶት የሄደው ጠባብ ገንዳ ውስጥ ግልገሎቹ ነበሩ። ክንድ የማይሞሉ፣ ጀርባቸው ግራጫ፣ የክንፋቸው ጫፍ በከሰል የተነከረ የሚመስል። ዙወይና አርባ ዓመት ስትሰነጥቃቸው ኖራ ሲዋኙ ያየቻቸው ያን ቀን ነው። ፍርሃቷን ለትንሽ ጊዜ ረሳችው።

አዝሃር በትንሽ መረብ ታወጣለች፣ ዙወይና አገላብጣ ጎናቸውን ታያለች፤ ከክንፋቸው ጫፍ ቅንጣት ተቆርጣ ብልቃጥ ትገባለች፤ ግልገሉ ይለቀቃል። የብልቃጦቹን ቦርሳ ዙወይና አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ሙሰለም ሰማዩን አየና «ጀልባዋ ጭቃ ላይ ልትቀመጥብን ነው። ወደ ቦዩ ወስጄ በመልሕቅ አስሬያት እመጣለሁ። ከዚህ እንዳትነቃነቁ» ብሎ ሄደ።

ጉሙ የወረደው እሱ ዓይናቸው ላይ እያለ ነው። መጀመሪያ ጭንቅላቱ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ እሱ ራሱ ጠፋ። ነፋስ የለም። ወፍ የለም። ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ።

«ይገፈፋል፣ አይቆይም» አለች አዝሃር።

ዙወይና የብልቃጦቹን ቦርሳ አጥብቃ ያዘች። የስምንት ዓመቷ ልጅ ውስጧ ተነስታ ነበር፤ ክንዷን የእናቷ እጅ ሲጨምቃት ተሰማት።

ከዚያ አዝሃር ጮኸች። ጩኸቱ የሰው አይመስልም። ወደ ኋላ ስትራመድ፣ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ሆኖ ጭቃ ውስጥ የሚቀበረውን ዓሣ ረግጣው በጅራቱ እሾህ ቁርጭምጭሚቷን ወግቷት ነበር። ወደቀች። ስልኳ ከኪሷ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ገባ። ደሟ በገንዳው ላይ እንደ ጭስ ተበተነ። ዙወይና ሻርፗን ከራሷ ገፍፋ ቁስሉን አሰረችላት።

«መቆም ትችያለሽ?»

«አልችልም… ያ ረብ፣ እግሬ ተቃጠለ፣ አጥንቴ ውስጥ ገባ…»

ያኔ ውሃው የዙወይናን ቁርጭምጭሚት ነካ። ቀዝቃዛ ነበር፤ አዲስ ውሃ። ባሕሩ እየተመለሰ ነው።

«ዙ—ወይ—ና!» የሙሰለም ድምፅ መጣ። ጀልባዋን በቆርቆሮ እየደበደበ ነው። «ወደዚህ! ወደ እኔ ኑ!»

«በዚያ በኩል ነው!» አዝሃር የዙወይናን ቀሚስ ጨበጠች። «ኻላ፣ ወደ እሱ ይውሰዱኝ፣ ቅርብ ነው!»

በእርግጥም ቅርብ ይመስላል። አሥር እርምጃ። ግን ወዲያው ደግሞ ከግራ፣ ከዚያ ከኋላ የመጣ መሰለ። የወንድሟ ድምፅ ነው፤ አብረው አንድ ጡት የጠቡት ወንድሟ፣ በስሟ እየጠራት። እግሯ ሳታዘው አንድ እርምጃ ሄደ። ውሃው ቅልጥሟ ጋ ደረሰ። ሌላ እርምጃ፤ ጉልበቷ ጋ። አክስቷ ሸምሳ እንዲህ ነው የሄደችው።

ቆመች።

«ወደ እሱ አንሄድም» አለች።

«ምን ማለትዎ ነው? እየጠራን እኮ ነው!»

«እሱ ያለው ጥልቁ ላይ ነው። ከኛና ከእሱ መሐል ቦዩ አለ።»

«ታዲያ የት ነው የምንሄደው? የብሱ የት ነው?»

ዙወይና አታውቅም ነበር። ውሃው ከጉልበቷ አለፈ፤ እስከዚያ ቀን አልፎት የማያውቀውን ምልክት አለፈ። አዝሃርን ጎትታ አነሳቻትና ጀርባዋ ላይ አዘለቻት። ልጅቷ ቀጭን ናት፤ ግን ርጥብ ልብስ ከብዷል።

«አጥብቀሽ ያዢኝ። አንገቴን ነው ያልኩሽ፣ ጉሮሮዬን አይደለም!»

በዚያን ጊዜ አንድ ነገር በቅልጥሟ በኩል ሽው ብሎ አለፈ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ብዙ። ግልገሎቹ ናቸው። ውሃው ሲሞላ ከገንዳው ወጥተው ሁሉም በአንድ ወገን ይሄዳሉ፤ ከቀኝ ወደ ግራ። ዙወይና ትንፋሿን ይዛ አስተዋለች። ወንዶቹ ግልገል መያዝ ሲፈልጉ መረቡን የሚጥሉት የት ነው? ውሃው ሲሞላ ማንግሮቩ፣ በብሱ ዳር ጭቃ ላይ የሚበቅለው ዛፍ፣ ሥር ነው። ግልገል ሁልጊዜ ወደ ሳሳው ውሃ ይሸሻል፤ ወደ ጥልቁ ከሄደማ ትልልቆቹ ይበሉታል። ይህን አርባ ዓመት ስትሰማው ኖራለች፤ አንድም ቀን ለራሴ ይጠቅመኛል ብላ አላሰበችም።

«ወዴት እንደሚሄዱ ታዪያቸዋለሽ?» አለች። «እነሱን ነው የምንከተለው።»

ሄደች። የሙሰለም ድምፅ ከኋላዋ እየለመነ፣ እየተቆጣ፣ በመጨረሻም እያለቀሰ ይጠራታል፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። ከዚያ የከፋ ነገር አድርጋ አታውቅም። ውሃው ወገቧ ጋ ደረሰ። ተሳስቼ ይሆን? አለች ለራሷ። ደረቷ ሥር ደረሰ። ግልገሎቹ አሁን አይታዩም፤ እግሯን ሲነኩ ብቻ ታውቃቸዋለች።

ድንገት ግልገሎቹ ጠፉ። አንድም አልነካትም። ውሃው ጸጥ አለ። ከዚያ ትልቅ ነገር ጭኗን ፈገፈገው። ቀስ ብሎ፣ ከራስ እስከ ጭራ የማያልቅ የሚመስል ሻካራ ቆዳ። ያንን ቆዳ ጣቶቿ ያውቁታል፤ አሻራዋን የበላው እሱ ነው። ሕያው ሆኖ ግን ነክቷት አያውቅም።

«ኻላ፣ ምንድን ነው የቆሙት?»

«ምንም። ዝም በይ።»

«እግሬ እየደማ ነው…»

«አውቃለሁ። ዝም በይ፣ ልጄ።»

እንስሳው ዞሮ ተመለሰና በሌላው ጎኗ አለፈ። ዙወይና ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። እናት ትሆን? ልትወልድ የመጣች? ባለፈው ዓመት በቢላዋዬ ያልደረስኩባት? ይቅርታ መጠየቅ አማራት፤ ግን ከአፏ የወጣው «አትንኪን፣ እንሄዳለን፣ እንሄዳለን» የሚል ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ሦስተኛ ዙር ጠበቀች። አልመጣም። ጥቂት ቆይቶ አንድ ትንሽ ነገር ቁርጭምጭሚቷን ነካ፤ ከዚያ ሌላ። ግልገሎቹ ተመለሱ፤ አሁንም ወደዚያው አቅጣጫ።

ውሃው ከደረቷ ወደ ወገቧ፣ ከወገቧ ወደ ጭኗ ወረደ። እጇ ቅርንጫፍ ነካ። ማንግሮቩ ነበር። አዝሃርን ሥሮቹ መሐል አስደግፋ አስቀመጠቻትና እሷም አጠገቧ ተዘረረች።

ጉሙ እኩለ ቀን ገደማ ሲገፈፍ ሙሰለም አያቸው። ቆመውበት የነበረውን ቦታ ሰው የሚያሰጥም ውሃ ሸፍኖታል፤ በእሱና በዚያ ቦታ መሐል ደግሞ ጥቁሩ ቦይ ተኝቷል። ወርዶ መጣ፤ እኅቱን ሁለት ትከሻዋን ይዞ ነቀነቃት።

«ስጠራሽ አልሰማሽም? ድምፄ እስኪዘጋ! ሞተሻል ብዬ እኮ…»

«ሰምቼሃለሁ» አለች። «ለዚያ ነው ያልመጣሁት።»

ሙሰለም ወደ ቦዩ ዞሮ አየ፤ ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

አዝሃር ቁስሉ በሙቅ ውሃ ሲዘፈዘፍ ሕመሙ በረደላት፤ ግን ሁለት ሳምንት በምርኩዝ ሄደች። አሥራ ዘጠኙ ብልቃጦች ከዙወይና አንገት ሳይወርዱ ተገኙ። በሳምንቱ መጨረሻ ግን ዙወይና ጠዋት ስትነሳ ገመዶቿ ሁሉ ተቆርጠው፣ የሁለት ወር ዓዋል አሸዋ ላይ ተበትኖ፣ የባሕር ውሃ ተደፍቶበት አገኘችው። ያደረገው ማን እንደሆነ ማንም አልተናገረም። እሷም አልጠየቀችም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኋላዋ እግር ኮሽ ባለ ቁጥር ትዞር ነበር።

የአዝሃር ውጤት የመጣው በመከር ነው። ሙሰለም ጀልበኞቹን ሰብስቦ ቤቱ አስቀመጣቸው። አዝሃር ተናገረች፤ በእነዚያ ግልገሎች ዘረመል ውስጥ የታዩት እናቶች አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ያልታዩም ይኖራሉ፣ ምን ያህል እንደሆኑ አታውቅም፤ ብዙ ግን አይደሉም።

«ባሕሩ አጥር አለው እንዴ?» አለ ጁምዓን። «ዘንድሮ ቢያንሱ ለከርሞ ከሰሜን ይመጣሉ። አባቶቻችን እንዲህ ነው የኖሩት።»

ሰዉ አጉረመረመ። ዙወይና በሴቶቹ በኩል በሩ አጠገብ ነበረች። ልትናገር ተነስታ የበሩን መቃን ያዘች።

«ከሰሜን አይመጡም» አለች። «በዚህ እጄ ሁለቱንም ሰንጥቄያለሁ። የሰሜኑን አውቀዋለሁ፤ በመኪና ካልሆነ እዚህ መጥቶ አያውቅም። ባለፈው ዓመት ያመጣችሁልኝን እናቶች ከነልጆቻቸው የቀደድኩት እኔ ነኝ። ጁምዓን፣ አንተን አይደለም የምከሰው። እፈራሃለሁ፤ ሁሉም ያውቃል። ግን አሥራ አንድ ሲባል ስሰማ ከአንተ የበለጠ ያ አስፈራኝ። ከእንግዲህ ግልገል በሆዷ ያለች ሻርክ እኔ ገመድ ላይ አትሰቀልም። ሌላ አድራቂ ፈልጉ።»

ጁምዓን ተነስቶ ወጣ። ከአሥራ አራቱ ጀልባዎች ዘጠኙ በመውለጃው ሁለት ወር ከቦዩ አፍ መረባቸውን ሊያነሱ ተስማሙ። ሙሰለም የመጀመሪያው ነበር። አምስቱ አልተስማሙም፤ ጁምዓን ከእነሱ ጋር ነው። የዙወይና ገመድ ግማሹ ባዶ ሆኖ ቀረ፤ ዓዋሉን ፈልገው ከሱር የሚመጡ ሰዎች በሻርኩ ፋንታ ቱና ዓሣ ተሰቅሎ ሲያዩ ፊታቸው ይጨልማል።

በሦስተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ አዝሃር ደወለች። ድምፅዋ ይጣደፋል።

«ኻላ፣ ዘንድሮ ከወሰድናቸው ግልገሎች አራቱ እናታቸው ከአሥራ አንዱ አንዷ ናት። ያቺው ራሷ! ተመልሳ እዚያው ወልዳለች።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ዙወይና። ከዚያ ፍርሃቱ ተከትሎ መጣ። «አሥሩስ?»

«ገና አላየናቸውም።»

«አላየናቸውም ማለት የሉም ማለት ነው?»

«አላየናቸውም ማለት ብቻ ነው፣ ኻላ።»

ስልኩን ከዘጋች ጥቂት ቆይታ የጁምዓን መኪና ከግቢዋ በር ላይ ቆመ። ከስብሰባው ወዲህ እግሩ ረግጦ አያውቅም። ወርዶ የጭነቱን ሸራ እያሳያት፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «ሌላ ሰው ጋ ወስጄው አበላሸብኝ» አለ። «እያቸውና የምትፈልጊውን ውሰጂ። የማትፈልጊውን እመልሰዋለሁ።»

ዙወይና ሸራውን ለመግለጥ ፈራች። እጇን ጫፉ ላይ አድርጋ ቆየች። በመጨረሻ ገለጠችው። ከትንንሾቹ ሥር ሁለት ትልልቅ እናቶች ተጋድመዋል፤ ጎናቸው ላይ ነጩ እስከ ጭራ ይወርዳል። የአንዷን ሆድ በመዳፏ ዳሰሰችው። ጠንካራና ሙሉ ነበር። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሁለተኛዋን ዳሰሰች፤ ሆዷ ላልቶ፣ ባዶ ሆኖ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከመያዟ በፊት ወልዳለች።

«ይቺ ወልዳ ነው የመጣችው» አለች።

«እና?» አለ ጁምዓን።

«እናማ ልጆቿ ውሃ ውስጥ ናቸው።»

ጁምዓን ወደ ባሕሩ በኩል ዞር ብሎ አየ። ዙወይና ቢላዋዋን አምጥታ ከሁለቱም የክንፍ ጫፍ የጥፍር ያህል ቆረጠች፤ ከአሥራ አንዱ መሆናቸውን አዝሃር እንድታይ፣ ትታላት በሄደቻቸው ብልቃጦች ከተተቻቸው። የት እንደተያዙ ጠየቀችው። እሱም ነገራት።